ሁሉም ደህና የሆነበት ዓመት

ዘይኑልአቢዲን ሰላምታ ሲጀምር እኔ ቦርሳዬን መሬት አስቀምጥ ነበር። ቦርሳ አንጠልጥለው የሚጨርሱት ሰላምታ አልነበረማ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንደት አደርሽ መዲና?» ብሎ ይጀምራል። ከእኔ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ጥጃዋ ያልፋል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ረጅም ነው፤ እኔም የወሎ ልጅ ነኝና አውቀዋለሁ። ሌላው ሰው ግን እየጠየቀ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ይኼ ሰውዬ ይጠብቃል። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ፣ የቸኮለ ሰው በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ይመስል፣ ይጠብቃል። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ቢሉት አይበቃውም። «ሌላስ?» ይላል። በዚች «ሌላስ?» የተነሳ ለማንም ያልነገርሁትን ስንት ጉድ መንገድ ላይ ቆሜ ዘርግፌያለሁ።

ሁለታችንም ኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እኔ ባልትና፣ እሱ ጂኦግራፊ። ከኮምቦልቻ አጠገብ ካለችው ከደጋን የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሱሪው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሚቀር። ልጆቹ ስሙ ስለሚረዝምባቸው ጋሽ ዘይኑ ይሉታል። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እሱ ግን ዘወትር ያረፍዳል፣ መንገዱ ላይ ሰው አለዋ። ርዕሰ መምህራችን ጓድ ደጉ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲሰለቸው፣ ደወሉ የሚደወለው ጋሽ ዘይኑ በሩን ሲገባ እንዲሆን አዘዘና ተገላገለ።

ሂንድንም ያገኘው በዚሁ ጠባዩ ነው። ሂንድ የአጎቴ የሐጂ ባሽር ልጅ ናት። አጎቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ አያታቸው ከየመን መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ዘይኑ የሱሪ ካኪ ልግዛ ብሎ ከእኔ ጋር ደሴ ወጣ። ሂንድ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ነበር። ሰላም አላት። ደህና ነኝ አለችው። «ሌላስ?» አላት። ልጅቷ በወንድሞቿ ጩኸት መሀል ያደገች ናት፤ የጀመረችውን ወሬ እስከ መጨረሻው የሰማላት ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት አዛን ሲባል ካኪው ገና አልተቆረጠም።

«መዲና፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ይሰማል» አለችኝ ስንለያይ፣ ተአምር ያየች ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ዘይኑ በየቅዳሜው ካኪ ያስፈልገው ጀመር። ሽማግሌም ተላከ። አጎቴ ግን እምቢ አሉ። «የደጋን አስተማሪ! ሰላምታውን ሳይጨርስ ልጄ ታረጃለች!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ። እንደገና ተላኩ፣ እንደገና ጠጥተው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ፣ ከላይ ሰርኩላር መጣ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎቹን ውጤትና ደህንነት በወላጆች ፊት እንዲገልጽ፣ ለዚህም አንድ የተማሪዎች ደህንነት ተጠሪ እንዲሰይም ያዛል።

በዚያ ዘመን ያልነበራችሁ እንዳትስቱ ላስረዳችሁ። ደህንነት ማለት ደህና መሆን ነው፤ ይኼን ማንም ያውቃል። ግን ደግሞ ሌላም ነበር። «እገሌ እኮ ደህንነት ነው» ከተባለ፣ ሰው የሚያወራውን እየሰማ ወደ ላይ የሚያደርስ ነው ማለት ነው። ይኼን የሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ጓድ ደጉ ሰርኩላሩን መምህራን ክፍል ውስጥ ሲያነብልን «ደህንነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ትን አለው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የስፖርቱ መምህር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ያደረገው ሸበጥ ነበር።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለ ዘይኑ።

«እንግዲህ…» አለ ጓድ ደጉ ላቡን እየጠረገ፣ «ልጆቹን ደህና ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ይመስለኛል።»

«ወላሂ ይኼማ የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ብድግ አለ። እኛ ደግሞ ከደስታችን ብዛት አጨበጨብን።

ቢሮ ተሰጠው፤ የድሮው የጠመኔ ማስቀመጫ፣ መስኮት የሌለው። በሩ ላይ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ታዘዘና አናጢው ሞላ ከሳሙና ሣጥን ሳንቃ ነቅሎ ቀይ ቀለም በጠበጠ። ሞላ ፊደል ሲጽፍ ከሩቅ እንዲነበብ ብሎ ያገዝፈዋል። «የተማሪዎች ደህንነት» የሚለው ሳንቃው ላይ አልበቃ አለው። ወደ ጓድ ደጉ ሄዶ፣ «አንዱ ቃል ይቀራል፤ የትኛውን ልጻፍ?» አለው። ጓድ ደጉ ቀና ሳይል «ዋናውን» አለ። በማግስቱ ጨለማው ክፍል በር ላይ በቀይ፣ ከአስፋልቱ እንዲነበብ ሆኖ፣ ደህንነት ተብሎ ተለጠፈ።

ዘይኑ ከሩቅም ከቅርብም አየውና «ቀዩ አምሮበታል» አለ።

ኮምቦልቻ የዚያኑ ቀን ሰማች። ፀጉር አስተካካዩ ዘይኑን ሲላጭ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ግማሽ ጢሙን ጠረገበት፤ ደንግጦ የቀረውን ግማሽ ሊነካ አልደፈረም። ዘይኑ ቤቱ መስታወት የለውም። በግማሽ ጢም ከተማውን ሲዞር አንድም ሰው አልነገረው። እንዲያውም ቀበሌ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሹም፣ አዲስ መመሪያ መስሎት ይሆን እንጃ፣ የራሱን ግማሽ ጢም ተላጭቶ ብቅ አለ።

ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ስኳር የለም ተብሎ ሰው ሲነጫነጭ ዘይኑ ይደርሳል። «እንደት ናችሁ? ደህና ናችሁ?» ይላል።

«ደህና ነን! ስኳር ድሮም ጥርስ ያበላሻል!» ይላሉ በአንድ ድምፅ።

«ሌላስ?»

«ሌላውም አለመኖሩ ጥሩ ነው!»

ወንዶቹ ጫት የሚቅሙበት ቤት ሲገባ ጨዋታው ተቋርጦ ስለ ምርት ዘመቻ ውይይት ይጀመራል። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ ተራ በተራ ስለ ጤናቸው ይጠይቃቸዋል። ሲወጣ ግማሹ በእውነት ታሞ ይቀራል።

ልጆቹ ባሱ። በዚያ ዓመት የታመመ ተማሪ አልነበረንም። ጉንጩ በጆሮ ደግፍ ያበጠውን ጀማሉዲን «ምን ሆነኽ ነው?» ቢለው፣ «ደህና ነኝ ጋሼ፣ ወፍሬ ነው» አለው፤ ያውም ባንድ በኩል ብቻ! ክፍል ገብቶ «ቁርስ የበላ» ሲል ሁሉም እጁን ያወጣል። «ምን በላኽ?» ይላል የመጀመሪያውን። «ዳቦ» ይላል። «አንተስ?» «ከሱ ጋር።» «አንችስ?» «ከነሱ ጋር።» እንዲህ እያለ ክፍሉ በሙሉ ያንን አንድ ዳቦ በልቶ ወጣ። ዘይኑም ሁሉም በልተዋል ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

አዎ፣ ደስ ብሎት! የሚገርመው ይኼ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራበትን፣ እሱ ብቻ አልሰማም። ማን ይንገረው? እኔ እንኳ የሚያውቅና የናቀው መስሎኝ ነበር። «መዲና፣ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ደህና ሆኗል፣ አላህ ይመስገን» ይለኛል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ግን አፌን ይዤ ሳቄን ዋጥሁ። የኮምቦልቻ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ደህና የሆነው?

ሳቄ የጠፋው ደሴ ላይ ነው። በዚያ ቅዳሜ አጎቴ ሐጂ ባሽር ከሱቃቸው ወጥተው አስፋልቱ ድረስ ተቀበሉት። «ያ ወለዲ! ልጄ! ሂንድ ያንተ ናት! መቼ ትወስዳታለኽ? ዛሬ? ምነው ትናንት ሳትወስዳት!» አሉ። የቀዩ ጽሑፍ ወሬ ደሴም ደርሶ ኖሯል። ሚስታቸው ዐሊማ ደግሞ ያለ ቀረጥ የገባውን ሻሽ ሁሉ ከመደርደሪያው አውርደው ራሳቸው ላይ ጠምጥመውታል። ጭንቅላታቸው በርሜል አክሎ በበር አላልፍ ብሏል።

«እትየ ዐሊማ፣ ራስዎን አሞዎታል?» አለ ዘይኑ ከልቡ ተጨንቆ።

«ደህና ነኝ! ደህና ነኝ! ብርዱ ነው!» አሉ፤ ላባቸው በአፍንጫቸው ይወርዳል።

ዘይኑ ደስታው ሊገድለው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ልባቸውን አራርተውልኛል አለ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞሮ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ደህና ነሽ ሂንድ?»

«ደህና ነኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላውም ደህና ነው።» ዓይኗን ከካኪው ላይ አላነሳችም።

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ዘይኑ ዝም አለ። ዘይኑ አውቶቡስ ውስጥ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሾፌሩን ሳይቀር በጀርባው በኩል ሰላም የሚል ሰው ነው። ብዙ ቆይቶ፣ «የሂንድ ወሬ አጠረብኝ» አለ። ልጅቷን አገኛት፤ ያችን የምታወራውን ሂንድ ግን አጣት። እሷን መልሶ ካላገኘ ሠርጉ ምን ያደርግለታል?

ሰኞ ጠመኔ ቤቱ ድረስ ሄድሁለት። «ዘይኑ፣ አንተ ቂል ነኽ ወይስ ታስመስላለኽ?» አልሁና የበሩን ጽሑፍ እያሳየሁ ሁሉንም ነገርሁት፤ ጢሙን፣ ስኳሩን፣ ሻሹን።

«እንደ! ይኼ ደህንነት እኮ ደህና የሚለው ነው!»

«ሰው እንደዚያ አያነበውም!»

«ሂንድም?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷም» አልሁት። ጠመኔ ሣጥን ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። ጠመኔው ፊቱን ነጭ አደረገው፤ እንባው ደግሞ መሀል ለመሀል ሁለት መንገድ አወጣበት። ልስቅም ላለቅስም አልቻልሁም።

በዚህ መሀል ረሂማ የምትባል ትንሽ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ መጥረጊያ ልትወስድ መጣችና በር ላይ ደርቃ ቀረች። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለችው።

«ደህና አይደለሁም» አላት።

ልጅቷ አሰበች። «እኔም» አለች። «ሰሌዳው አይታየኝም። ሁሌም ከጀማሉዲን ነው የምገለብጥ።»

ረሂማ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያወራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደህንነት አያለቅስም፤ ጋሽ ዘይኑ ግን አለቀሰ፤ ስለዚህ አይደለም።» ልጆች ሲያስቡ ያሳርፋሉ። ከሳምንት በኋላ ጠመኔ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። የራበው፣ ዱላ የደረሰበት፣ ጫማ የጠበበው፣ በጆሮው ባቄላ የገባበት ሁሉ መጣ። ዘይኑ እየሰማ «ሌላስ?» ይላል።

ትልልቁ ሰው ግን እንደ ልጅ አያስብም። ዘይኑ ሳንቃውን ነቅሎ ጣለው፤ «ተሰውሮ ሊሠራ ነው» ተባለ። ደሴ ወጥቶ ለአጎቴ «ሐጂ፣ ወላሂ እኔ ደህንነት አይደለሁም» ብሎ ማለ። «እናምናለን ወለዲ፣ እናምናለን!» አሉና አንዱን ሳይጨርስ ሁለተኛ ሻይ አስቀዱለት። ደህንነት የሆነ ሰው ደህንነት ነኝ ይላል እንዴ? አይደለሁም ነው የሚለው! ቸገረውና ራሱ መንግሥትን ማማት ጀመረ፤ ስኳሩን፣ ሰልፉን፣ ስብሰባውን። አጎቴ ወጥመድ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ላይ አውጥተው መፈክር አሰሙ። ደንበኛ ሁሉ ሸሸ። ሂንድ ከባንኮኒው ጀርባ «ደህና ነኝ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

እንዲህ እያልን ሰኔ ደረሰ። የየትምህርት ቤቱ ተጠሪዎች ደሴ አንድ አዳራሽ ውስጥ በወላጆች ፊት ሪፖርት ሊያቀርቡ ተሰበሰቡ። አጎቴ ከነሚስታቸውና ከነሂንድ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የአማቻቸውን ንግግር ቀርተው ሊያስገምቱ ነው? ዘይኑ ገና ሲገባ አጨበጨቡ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

የመጀመሪያው ተጠሪ ተነሳና «ተማሪዎቻችን መቶ በመቶ ደህና ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሦስተኛው መበለጥ አልወደደም መሰለኝ፣ «በእኛ ትምህርት ቤት ከዕቅዱ በላይ መቶ አምስት በመቶ ደህና ሆነዋል» አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ጓድ ደጉ ለዘይኑ «መቶ አሥር በል» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ።

ዘይኑ መድረኩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ፣ ያው፣ ሰላምታ። አዳራሹን በሙሉ እንደት ከረማችሁ አለ፤ አዝመራውን፣ ከብቱን፣ የደሴን ብርድ እንዴት እንደቻሉት ጠየቀ። መድረኩን የሚመራው ጓድ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጓድ! ወደ ሪፖርቱ!»

«እሺ ጓድ። ተማሪዎቻችን ደህና አይደሉም።»

ዘይኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንጠይቃቸው ሁሉም ደህና ነን ብለዋል። ፈርተውን ነው። ቁርስ በልተናል ያሉት ብዙዎቹ አልበሉም። ውጤታችንም ጥሩ የመሰለው ጀማሉዲን የሚባል ጎበዝ ልጅ ስላለን ነው። ረሂማ የምትባል ልጅ ሰሌዳው አይታያትም፤ ከሱ ስትገለብጥ ስሙን ጭምር ገልብጣለች። ዘንድሮ ሁለት ጀማሉዲን አሳልፈን አንዲት ረሂማ ጥለናል።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። መሪው ጓድ ፊቱ ቀላ።

«የደህንነት ተጠሪ ሆነህ ደህና ካልሆኑ፣ አንተ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«እጠይቃለሁ ጓድ።»

«ከዚያስ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምን?»

«መልስ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰም ሰው ይጠፋ ነበር። ሰውየው ግን በሳቁ መሀል የሚይዘውን አጣ። «ሰነፍ! አንተን ብሎ ተጠሪ! ከዛሬ ጀምሮ ተነስተሃል! ውረድ!» ብሎ ጮኸና በዚያው አበቃ። ዘይኑ ወረደ።

አጎቴ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። እጄን ጨበጡኝ። «አንች መዲና፣ ሰደቡት እኮ! በሕዝብ ፊት ሰደቡት! ደህንነት ይሰደባል?»

«አይሰደብም አጎቴ።»

«እንግዲያማ አስተማሪ ነዋ!» አሉ፤ ደማቸው ወደ ፊታቸው ሲመለስ አየሁት።

ስብሰባው ሲበተን ፒያሳ ድረስ ተከትለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያጠራቀሙትን ስድብ አወረዱበት። «አንተ የደጋን አስተማሪ! ይኼን ሁሉ ወር ሻዬን የጠጣኽ! ልጄን አልሰጥኽም! ሱሪኽ እንኳ አልደረሰልኽ!» ዐሊማ ከጎናቸው ሻሻቸውን አንድ በአንድ እየፈቱ እፎይ ይላሉ። ዘይኑ ስድቡን እንደ ምርቃት ቆሞ ተቀበለ። ከመስከረም ወዲህ፣ ከእኔ በቀር፣ እውነቱን የነገረው የመጀመሪያው ትልቅ ሰው አጎቴ ናቸው። ግን ልጅቷ ሄደች። አባትና እናቷ መሀል አድርገው ይዘዋት ወደ ሱቁ ሲገቡ ፊቱ ጥቁር አለ።

ዝናቡ ጀመረ። የመጨረሻው የኮምቦልቻ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባውን ይነፋል። እጁን ይዤ እየጎተትሁት ሳለ ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። ሂንድ ናት፤ ጃንጥላ ረሳሁ ብላ ወጥታለች፤ ጃንጥላው በእጇ ነው።

ዘይኑ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ፈርቷል።

«ደህና ነሽ ሂንድ?»

ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «አባባ እንደገና እምቢ ብሏል። እኔም ፈርቸኽ ነበር፤ አንተን ፈርቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ እንደት ታስፈራኛለኽ? ደግሞ ጫማዬ ውሃ ያስገባል።»

ዘይኑ ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ መጡበት። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ረዳቱ በሩን ደበደበ።

«ሌላስ?» አላት።

እኔም ቦርሳዬን ጭቃው ላይ አስቀመጥሁ።